በእኔ ስም የመለሰው ኮምፖነንት

ስለዚያ ሰኔ ሰው ሲጠይቀኝ "ሲስተሙ ተበላሽቶ ነበር" ብዬ አልፍ ነበር። አልተበላሸም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ፕሮግራም እሠራ ነበር። የቁይ፣ የመርጡለ ማርያምና የሮብ ገበያ ቅርንጫፎች በስልክ መስመር ከሰርቨራችን ጋር ይገናኛሉ። ሰርቨሩ ላይ ሥራ የተከፋፈሉ ኮምፖነንቶች፣ ማለትም የፕሮግራም ክፍሎች፣ ነበሩ፤ አንዱ ሒሳብ ይሠራል፣ አንዱ አባላትን ይመዘግባል፣ እኔ የጻፍኩት ደግሞ ለገበሬ የተያዘ ምርጥ ዘር ለሌላ እንዳይሰጥ ይጠብቃል። ቅርንጫፎቹ የሚያውቁት የኮምፖነንቱን ስምና እንዴት እንደሚጠየቅ ብቻ ነው። እነዚህ ካልተነኩ፣ ውስጡን ሌላ ሰው ቢለውጠው ከውጭ አይታወቅም። አብሮኝ ተቀጥሮ አለቃዬ የሆነው ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ከሰኔ ሚካኤል ማግስት የቁይ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ደወለ።

"እትዬ፣ ለእኛ የተያዘው ስንዴ የለም ይላል። ገበሬዎቹ አህያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ምን ልበላቸው?"

"ፕሮግራሙ ስንዴውን ለሌላ ከመልቀቁ በፊት አልጠየቀህም?"

"እኔን? ኧረ እንዲህ ያለ ጨዋነት አላየሁበትም!"

የማንሻው ቀን በዓሉ ላይ ውሎ ነበር፤ በበዓል ቀን ደግሞ ገበሬ ዘር ሊያነሳ አይመጣም። ስለዚህ የእኔው ኮምፖነንት፣ የማንሻው ቀን ቢያልፍ እንኳ፣ ቅርንጫፉን ሳይጠይቅ አይለቅም። ያልጠየቀው የእኔ አይደለም። በእኔ ስም ሌላ ተቀምጧል።

"ቀየርከው?" አልኩት አለቃዬን።

"አሻሻልኩት። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ያንቺው የቅርንጫፍ መልስ እየጠበቀ ሥራ ያስቆማል።"

"ሳትነግረኝ?"

"ምነው፣ ልጅሽን ዳርኩብሽ እንዴ?"

"የተለቀቀው ስንዴ ለማን ሄደ?"

"ለጠየቀ።"

መስመሩ መቋረጡ እውነት ነው። ቢሆንም መጋዘን ወረድኩ። መኪና እየተጫነ ነበር፤ የሚያስጭነው የአለቃዬ ሚስት ወንድም ነው።

ከመኪናው ኋላ ቆምኩና "የቁይ ገበሬ ዘር ነው፣ አይጫንም!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ። አለቃዬ ወጥቶ ሰዉን አየ፣ እኔን አየ።

"አውርዱላት" አለ፤ "ያበደች ሴት ትመስላለች።"

ስንዴው በማግስቱ ቁይ ገባ፤ ተዘራ።

አለቃዬ ግን የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ተቀበለኝ። "ያንቺን መልሰነዋል፣ ተረጋጊ" አለኝ። አላሳየኝም፤ አላመንኩትም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዘር ወቅቱ ቁይ እየደወልኩ "ዘንድሮስ ይጠይቅሃል?" እል ነበር።