ብረት ያደገበት ዓመት

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሕር የገባችው አርባ ዓመቷን ከደፈነች በኋላ ነው። የባሕር ምርምር ጣቢያው የጠላቂዎችን ልብስ እንድትጠግን ቀጥሯት፣ ለብሳ ያልሞከረችውን ነገር ጠገንኩ ማለት ያሳፍረኛል ብላ ገባች፤ በዚያው ጠላቂ ሆና ቀረች። ባሏ «ሚስቴን ዓሣ ወሰደብኝ» እያለ ለጎረቤት ያማታል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የእሷን ሥራ ሳያስረዳ አይሸኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ወሩን ጠብቃ፣ ኮራል የሚባለው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድግ የባሕር እንስሳ ካለበሰው አንድ ድንጋይ በላይ እየተመላለሰች ሦስት ሺህ ፎቶ ታነሳለች። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋቸውና ጉብታው፣ ጉድጓዱ፣ ዓሦቹ የሚጠለሉበት ስርጓጉጥ ሁሉ የሚታይበት፣ በየአቅጣጫው የሚዞር ካርታ ያወጣል። የባሕሩ ሙቀት ኮራሉን ምን ያህል እንደጎዳው የሚታወቀው የዘንድሮውን ካርታ ከአምናው ጋር በማስተያየት ነው። ኮምፒውተሩ ልኩን እንዳይስት፣ ፎቶው ውስጥ አንድ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ታጋድማለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ካርታው ያመጣው መርዶ ብቻ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ኮራሉ ሁለት ሴንቲ አድጎ ተገኘ። የጣቢያው ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው፣ በማግስቱ ጣቢያውን ሊጎበኙ ለሚመጡት እንግዶች የምሥራቹን ሊነግር ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረ። እሷም ደስታውን አልቻለችውም፤ አለቀሰች። የዚያን ድንጋይ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እንደ ልጆቿ ነው የምታውቀው።

ግን ልብስ ሰፊ ናትና ሳትለካ አታምንም። ምሳዋን ትታ ካርታውን ስታገላብጥ፣ ድሮ ለምልክት ራሷ የቸከለችው የብረት ካስማ ላይ ደረሰች። ለካችው። እሱም አራት ሴንቲ ያህል አድጓል።

ብረት አያድግም፤ የሳተው ልኩ ነው። ዕቃ ቤት ሮጣ ዘንጉን ብትለካው ዘጠና ሦስት ሴንቲ ሆነ። ያኔ ትዝ አላት፦ ዝገት የበላውን ጫፉን ዘንድሮ ከመጥለቋ በፊት በመጋዝ የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በለመደ እጇ አንድ ሜትር ብላ ጽፋለች፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ነገር ከልኩ በላይ አሳድጎታል።

እዚህ ላይ ስንቱ አዋቂ ነኝ ባይ አፉን ይዘጋ ነበር። እሷ ቀጥ ብላ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ፣ አደገ የተባለው ኮራል ከአምናው ከሁለት ሴንቲ በላይ አንሶ ቁጭ አለ። ኃላፊው ሪፖርቱን እያየ፣ ቁጥሩን ብቻ አስተካክሎ ስህተቷን ሳያነሳ እንደሚያልፈው ነገራት። ሊሸፍንላት ነው።

«አይሆንም ልጄ፣ ጻፈው» አለችው። «ከኔ በኋላ እዚያ የሚጠልቀው ሰው የኔን ቁጥር አምኖ ነው የሚነሳው፤ ዘንጉ መቆረጡን ካላወቀ እሱም ይስታል።»

«እንግዲያው እርስዎ ያንብቡት፣ እትዬ» አላት።

በማግስቱ እንግዶቹ ፊት ቆማ፣ ዘንጉን ማን እንደቆረጠውና ማን እንዳልለካው አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አነበበች። «ኮራሉ አንሷል» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ተቆረጠ። ወረቀቱን ኃላፊው ተቀብሎ ጨረሰላት።