ቀድመው የሚደርሱት አያ ይማም

ልጅ ሳለሁ ተረት ማለት ለእኔ አያ ይማም ነበሩ። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ከእኛ አጥር ቀጥሎ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሽመላቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ አባቴ መደቡ ላይ ቦታ ይለቅላቸዋል፣ እናቴ ምድጃውን ቆስቆስ ታደርጋለች፣ እኛ ልጆች ደግሞ ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ በክርን እንጓሸማለን። ያኔ መብራት ከሚመጣበት የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር፣ የፊታቸው ግማሹ በኩራዝ፣ ግማሹ በፍሙ እየቀላ፣ የሚጠበሰው እሸት በቆሎ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንሰማቸው ነበር።

አያ ይማም የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ቤት ሲቃጠል የሚያጠፋው፣ የከፋው ሲጮህ የሚወጣው ቅሬ ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነበር። ሕጉ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ግን የኡኡታ ሕግ ነው። ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ደግሞ ከቀረ እሳት የሚያጭረው ጎረቤት አያገኝም። አያ ይማም በዚህ ሕግ ለማንም አይመለሱም። የገዛ ወንድማቸው አንድ ጊዜ ሆዴን አሞኝ ነው የቀረሁት ቢላቸው፣ ሆድህ እግርህን ይዞት ነበር ወይ ብለው በጉባኤ ፊት አስቀጥተውታል እየተባለ ይወራ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ እየደጋገምን የምናስወራቸው በአንድ ግቢ ስለኖሩ አራት እንስሳት ነው። በሬ፣ አህያ፣ አውራ ዶሮና ውሻ፣ ጅብ ከመጣ የጮኸውን ላይቀሩበት ይማማላሉ። አንድ ማታ ጅቡ ይመጣና አህያዋን ይዞ ይጎትታል፤ አህያ ትጮኻለች። በሬው ቀንበር ትከሻዬን ልጦኛል ብሎ ይተኛል። አውራ ዶሮው የእኔ ድምፅ ለንጋት የተቀመጠ ነው ብሎ አንገቱን ክንፉ ውስጥ ይቀብራል። ውሻው ግን ይሮጣል፤ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ አህያም ተረፍሁ ትላለች። ውሻው የጅቡን ቁመት ሲያይ ቆም ይላል። እዚህ ላይ አያ ይማም ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀለስ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አድርገው፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ዓይኔ ደክሟል እኮ፤ ጅብ ይሁን እንግዳ መለየት አቃተኝ» ይላሉ። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፤ እናቴ እንኳ አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። ውሻ እስከ ዛሬ ድረስ ጅብ ሲያይ ከሩቅ ሆኖ የሚጮኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ይሉናል።

ሳቁ ሲበርድ ፊታቸው ይለወጥና ሽመላቸውን ወደ እያንዳንዳችን እየቀሰሩ ይጠይቁ ነበር። አንተ ብትሆንስ ምን ታደርግ ነበር? አንቺስ? ታናሽ ወንድሜ ጅቡን በድንጋይ እፈልጠዋለሁ ይላል። እኔ ጆሮውን እነክሰዋለሁ ስላልሁ «ነካሿ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ቀረ። ያኔ መልሱ ቀላል ነበር። ቤት ውስጥ፣ በአባትና በእናት መካከል፣ ጅቡ በሌለበት፣ ጀግና ያልሆነ ማን አለ።

ታላቅ ወንድሜ ሐሰን ግን ከዚህ ተረት ጋር አላደገም። አክስቴ በድርቁ ዘመን ኢሉባቦር የሰፈረች ናት፤ ልጅ ስላልወለደች ሐሰንን ገና ጡት እንደጣለ ወስዳ አሳደገችው። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው በየመንገዱ በተቃቀፈበት ሰሞን፣ ልመጣ ነው፣ ልመጣ ነው ሲለን ከረመ። ሲመጣ ግን መተቃቀፉ አልቆ ጊዜው የጦርነት ሆኖ ነበር። ጸጉሩን አሳድጓል፤ አማርኛው የእኛ ዜማ የለውም፤ እናቴን «እማ» ሲላት እሷ ታለቅሳለች፣ እኛ እንስቅበታለን። በመጣ በማግስቱ ምሽት አያ ይማም አጠገባቸው አስቀመጡት፤ የውሻውን ተረት ለእሱ ሲሉ ከመጀመሪያው አወሩለት፤ የተጠበሰ በቆሎ ከእጃቸው ሰጡትና ትከሻውን ይዘው፣ ይሄ የእኔም ልጅ ነው፣ አገሩን እስኪለምድ እኔ አለሁለት አሉ።

ጦርነቱ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ወሬው ግን ደርሷል። በወልዲያ በኩል ልጃቸውን አዝለው፣ ፍራሻቸውን ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ጸጉረ ልውጥ ካያችሁ ጠቁሙ ይባላል። የማያውቁትን ሰው ቀና ብሎ ማየት ራሱ እንደ ጥያቄ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን እናቴ ጨውና ሽንኩርት እንድንገዛ እኔንና ሐሰንን ላከችን። ሐይቁ ከገበያው ጫፍ ይታያል። ሐሰን ቆመና ስልኩን አወጣ፤ ለአክስቴ ውሃውን ላሳያት ነው አለኝ። በመንገዱ ወታደር የጫኑ መኪኖች እያለፉ መሆናቸውን እኔም ልብ አላልሁም፣ እሱም አላለም። አጠገባችን ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇ ዘምቶ ወሬው ከጠፋባት ቆይቷል። ስልኩን አየች፣ መኪኖቹን አየች፣ ጸጉሩን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ ኡኡ አለች። ሰላይ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። የሱቅ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ፤ ባጃጆች ዞረው ሸሹ፤ አንዳንዱ ራቅ ብሎ በስልኩ ይቀርፃል። የቀረው ሰው ግን ሮጦ መጣ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ወንድሜን የደበደቡት የሸሹት አይደሉም፣ ለጩኸት የደረሱት ናቸው። ሰው ከጮኸ ሩጥ ተብለው አድገዋል፤ ሮጡ። የተጮኸበትን ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ሐሰን መሬት ላይ ወድቆ የሰፈሩን ስም ይጠራል፤ በዚያ ዜማ በሌለው አማርኛው ሲጠራው ይባስ ያናድዳቸዋል። ወንድሜ ነው እያልሁ ጮኽሁ። አንዱ በክንዴ ይዞ ወደ ውጭ ወረወረኝና፣ ይችንስ ማን እንደላካት ማን ያውቃል አለ።

በዚህ መካከል አያ ይማም መጡ። ሽመላቸውን ይዘው፣ ኩታቸው እየተጎተተ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀድመው እየሮጡ መጡ። ሳያቸው በቃ ተረፈ አልሁ። ሰዉም የቅሬ ዳኛ መሆናቸውን ስለሚያውቅ መንገድ ከፈተላቸው፤ ዱላው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሐሰን ደም ያጠበውን ፊቱን ቀና አድርጎ «አያ» አላቸው። ዱላ የያዘ አንድ ጎረምሳ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አያ ይማም፣ ይሄ ልጅ የሰፈራችሁ ነኝ ይላል። አንቱ ካወቁት ባንድ ቃል እንለቀዋለን።»

ሐሰንን አዩት። እኔንም አዩኝ። የሰዉን ዓይንና የሰዉን ዱላ አዩ። አያ ይማም ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀለስ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አደረጉ። ያን አኳኋን አውቀዋለሁ፤ በሳቅ እየፈረስሁ ስንት ምሽት አይቸዋለሁ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጆቼ፤ መለየት አልቻልሁም» አሉ። ኩታቸውን ሰብስበው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ዱላው እንደገና ተነሣ። የሐሰን እጅ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። አንዲት ሴት ባትደርስልን ኖሮ የምቀብረው ወንድም ነበር የሚኖረኝ። የደረሰችልን አስካለ ናት፤ ያችው የጮኸችው። ወንድሜ ነው ስል ሰምታኝ ኖሮ ሽንኩርቷን እየረገጠች ሰዉን ሰንጥቃ ገባች፣ ነጠላዋን አውርዳ በሐሰን ላይ ጣለችና መሬት ቁጭ አለች።

«የጮህሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፤ ጩኸቴን አንስቻለሁ። ከእንግዲህ የሚመታው ሰው በእኔ ስም አይመታውም» አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና ዱላውን ዝቅ አደረገ። ጩኸቱ የእሷ ነው፤ ባለቤቷ ካነሣችው ሌላው በምን ይመታል። አስካለን ይቅር ብያታለሁ ማለት አልችልም፤ ወንድሜን ለዱላ የሰጠችው እሷ ናት። ግን የሠራችውን ስታይ አልሸሸችም። ሐሰንን አቅፋ ባጃጅ ላይ የጫነችውም እሷ ናት።

አባቴ ነገሩን ወደ ቅሬ ወሰደው። ከሾላው ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ እኔ ምስክር ሆኜ ከሴቶች መካከል ቆሜ ነበር። አያ ይማም ከዳኛ ቦታቸው አልተነሡም። ሕጉ የሚለው ኡኡታ ሰምቶ የቀረ ይቀጣ ነው፤ እኔ ቀርቻለሁ ወይ አሉ። አልቀሩም። ቀድሞ የደረሰስ ማን ነው አሉ። እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ መሬቱን በበትራቸው ጫሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጊዜው ነው እንጂ ሰውስ ምን ያድርግ አለ። ጊዜው! ጊዜ የወንድሜን እጅ አልሰበረም። አባቴ ተነሥቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ሕጋችን ሰው መድረሱን እንጂ ደርሶ ምን እንዳደረገ ካልጠየቀ ጎደሎ ነው አለ። ጉባኤው ያለ ፍርድ ተበተነ።

አያ ይማም ፈርተው ነው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ ሐሰንን አውቀዋለሁ ቢሉ ጸጉረ ልውጥ አስጠጋህ ይሏቸው ይሆናል፤ እሳቸውም ልጆች አሏቸው። ሰው ይፈራል፤ እኔም ብዙ እፈራለሁ። ያልበረደልኝ ፍርሃታቸው አይደለም። በእጃቸው አጉርሰውት፣ የእኔ ልጅ ብለውት፣ እንዴት መክዳት እንደሚቻል ራሳቸው እያሳቁ አስተምረውን፣ በዚያው በለመድነው ፊት መሸሻቸው ነው። ሌላ ሰበብ ቢያመጡ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሐሰን ወጌሻው ያሰረለት ሳይፈታ ወደ አክስቴ ተመለሰ። እጁ ጠሞ ነው የተጠገነው። እናቴ ደውላ ና ስትለው፣ እዚያ ማንም አያውቀኝም ይላታል እንጂ ሌላ አይልም። ከዚያ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰና የጮኸም የተጮኸበትም አብሮ ሸሸ። ስንመለስ ቤታችን ነበረ፣ ምድጃውም ነበረ። አያ ይማም በአጥሩ በኩል ሰላምታ ያቀርባሉ፤ አባቴ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው ብሎ ይመልሳል፤ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ተረት አያምረውም፤ ተረት ተረት ሲሉት ተነሥቶ ይወጣል።

አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት አያ ይማም ሞቱ ተብሎ ለቅሶ ወረድሁ፤ ቅሬ ነውና መቅረት የለም። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ደግነታቸውን እየተቀባበሉ ያነሣሉ። ቤት ሲቃጠል ቀድመው የሚወጡ፣ ኡኡታ ሰምተው አንድ ቀን እንኳ ያልቀሩ ይላሉ። ሐሰት አልነበረውም። እንባዬ መጣ፤ ለእሳቸው ያለቀስሁ የመሰላቸው አጽናኑኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ተጽናናሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ከኩታበር የመጣች ሴት ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ ሟቹን ታውቂያቸው ነበር ወይ አለችኝ። እናቴ ምን ልል እንደሆነ ፈርታ ነው መሰል እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«አውቃቸዋለሁ» አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። ያን ቀን በገበያው መካከል ሐሰን ከእሳቸው የጠበቀው ይህንኑ ቃል ብቻ ነበር።