በክሊኒኩ አስተርጓሚ ሳለሁ

በንጉሡ ዘመን ሰቆጣ ላይ እንደኔ ያለ አስተርጓሚ አልነበረም። ፍየል ብታስነጥስ እንኳ ከኽምጣንጋ ወደ አማርኛ እመልሰው ነበር። ከሌላ አገር የመጣው የክሊኒካችን ድሬሰር ኽምጣንጋ ስለማያውቅ፣ ባላገሩ ሁሉ ሕመሙን የሚነግረው በእኔ አፍ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ ጎረቤቱን ከዚያው ከሰቆጣ አጠገብ ካለው ዝቋላ በበቅሎ ይዞ መጣ። ጎረቤቱ ጢሙ የሸበተ፣ አእምሮው ግን ሕፃን እንደሆነ የቀረ ሰው ነው። ፊቱን እስከ አፍንጫው በጋቢ ጠቅልሏል።

"እናቱ ካረፉ ወዲህ የሚረዳው ሰው የለም፤ እህል ከተወም ሰነበተ" አለኝ ገበሬው። "ቀስ ብለህ ጠይቀውና ታገሠው፣ ወንድሜ። በእጁ ያሳይሃል።" ይህን ብሎ በቅሎውን ሊያስር ወጣ።

"የት ነው የሚያምህ በለው" አለኝ ድሬሰሩ ከመዝገቡ ቀና ሳይል።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እኔም በኽምጣንጋ፣ "ሚስት ልፈልግልህ?" አልኩት። ክሊኒኩ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሰውዬውም ሲስቁ አይቶ ደስ አለውና ራሱን ነቀነቀ።

"ሆዴን ነው ይላል" አልኩ። የትል መድኃኒት ታዘዘለት። ክኒኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ እኔን እጅ ነሣኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ገበሬው ብቻውን መጣ። ሰውዬው ሞቷል። ሊገንዙት ጋቢውን ሲፈቱ፣ መንጋጋው ሥር መግል የቋጠረ ትልቅ እብጠት አገኙ።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። "በደንብ ጠይቀኸው ነበር?"

"ሦስት ጊዜ፣ ጌታዬ!" አልኩት።

አንድ ጊዜም አልጠየቅኩትም።