ዋና ዋና ጦርነቶች

ሰበታ ውስጥ «ማሪኑ» ከተባለ ጋሮማ ነው፤ ሌላ የለም። ባሕር ከማይታይበት ከተማ፣ በአንድ የአበባ እርሻ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ይህን ማዕረግ ያገኘው በአፉ ነው። በወጣትነቱ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ስለነበረ የጦሩን ዋና ዋና ጦርነቶች ሰንበቴ ላይም ለቅሶ ቤትም ይተርካል። የሰባውን የምጽዋ ከበባ ሲያወራ ጥይቱ ከጆሮ ግንዱ አጠገብ ያፏጫል። በዚያ ዓመት እርሱ ሱሉልታ ውስጥ ገና ፊደል ይቆጥር እንደነበር ያሰላ አድማጭ እስካሁን አልተገኘም።

የሰማንያ ሁለቱ የምጽዋ ጦርነት ግን የራሱ ነው። ከተማይቱ ስትያዝ የመጨረሻው ጀልባ ከዳርቻው መቶ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ጋሮማ የቆሰለ ጓዱን ሕዝቅያስን በትከሻው አዝሎ እየዋኘ ጀልባው ላይ አደረሰው። «አሁን ደብረ ታቦር ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል» ብሎ ይደመድማል። አድማጩም «ተመስገን» ይላል።

ጋሮማ ባሕረኛ የሆነው ግን በአንዲት ቃል ስሕተት ነው። በምልመላው ዕለት አማርኛው ገና ጥሬ ነበር። መልማዩ «ዋና ትችላለህ?» አለው። ለጋሮማ ዋና ማለት የገበሬ ማኅበሩ ዋና ሊቀመንበር ነው፤ አባቱ ምክትል ነበሩ። ደረቱን ነፍቶ «ዋናውን ባልችል ምክትሉን እችላለሁ» ሲል መለሰ። መልማዩ እንባው እስኪወርድ ስቆ «ይችላል» ብሎ ጻፈ። «ቢሻን ዳኩ» ብሎ ዋናን በኦሮምኛ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ጋሮማ ዛሬ ድንች ያመርት ነበር። ነገሩ የገባው ምጽዋ ደርሶ ውኃውን ሲያይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «አልችልም» ማለት ከባሕሩ ይልቅ አስፈራው። ጦርነቱ ስላጣደፋቸው ሥልጠናው አሸዋ ላይ ተጀምሮ አሸዋ ላይ አለቀ።

የመጨረሻ ልጁ ሊቤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ዓርብ፣ እንደገና በተቋቋመው ባሕር ኃይል ለመቀጠር ተመዝግባ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ዋና ትችያለሽ ወይ አሉኝ፣ አባዬ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«የማሪን ልጅ ነኝ አልኳቸው! ፈተናው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ታስተምረኛለህ።»

ጋሮማ ብርዱን ምክንያት አደረገ፤ ወገቡን ጠራ፤ ያ ሁሉ ሲያልቅበት «የኩሬ ዋና ለባሕር አይሆንም፤ ያበላሻል» አለ።

«ጨው እንነስንስበታ!» አለች ሊቤ።

እሑድ እርሻው ጭር ይላል። ሊቤ ምሳውን አምጥታለት ሳህኑን ከፍቶ ሁለቴ እንኳ ሳይጎርስ ከዓይኑ ጠፋች። የት እንደሄደች ለመገመት አላስቸገረውም። ከአበባ ቤቶቹ ጀርባ የውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ። ውኃው እንዳይሰርግ ተዳፋት ግድግዳው በሙሉ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ነው፤ ለገባበት ሰው መጨበጫ የለውም። ጋሮማ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ኩሬ ሲጠብቅ ሃያ እርምጃ ያህል እንኳ ቀርቦት አያውቅም።

አሁን እየሮጠ ደረሰ። ሊቤ ጫማዋን አውልቃ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች።

«ሊቤ! ተነሽ ከዚያ!»

«አትጩህ እንጂ ማሪኑ! ብሰጥም እንደ ሕዝቅያስ ታወጣኛለህ።»

ይህን ብላ በመቀመጫዋ ተንሸራታ እስከ ወገቧ ገባች። ውኃው ቀዝቅዟት ጮኸች፤ ሳቀች። ወደ ላይ ልትመለስ እጇን ፕላስቲኩ ላይ ብታሳርፍ አዳለጣት፤ አሁንም ሳቀች። አባቷ ቆሟላ፤ ምን ያስፈራታል?

 ሠላሳ አምስት ዓመት ያልወጣው ቃል ከጋሮማ አፍ ወጣ።

«አልችልም! ዋና አልችልም!»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ አባዬ!»

«ሕዝቅያስ ሞቷል! እሱ ነው እኔን የጎተተኝ! የያዘውን ባዶ ጀሪካን ለኔ ሰጥቶ እሱ ቀረ። ጀልባው ላይ ሆኜ ሲሰጥም አየሁት። ልጄ፣ እኔን አትመኚ፤ አላወጣሽም!»

ሳቋ ተቆረጠ። በዚያው ቅጽበት እግሯ ከዳት፤ ውኃው አገጯን ነካ፤ ከዚያ አፏን። ጋሮማ ዙሪያውን ቃኘ። ከመስኖው የተረፈ ጥቅል የውኃ ላስቲክ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጫፉን አጠገቡ ያለ ምሰሶ ላይ አስሮ በደረቱ ተኛና ሌላውን ጫፍ ወረወረ። የኩሬው ውኃ ጨው የለበትም፤ አፉ ግን ጨው ጨው አለው።

«ክንድሽ ላይ ጠምጥሚው! ጠምጥሚው አልኩሽ!»

ሁለቴ ሳተችው። በሦስተኛው ያዘች። ጎተተ፤ መዳፉ ተላጠ፤ ጎተተ።

ካፖርቱን ደርባ ሣሩ ላይ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ በወደደ ነበር።

«የልጅ ልጅ አይቷል ትል አልነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ነው።»

ሊቤ የረጠበ ፀጉሯን ጨመቀች።

«ፈተናውን ተዪው፣ ልጄ።»

«አልተውም። የሚችል ሰው ፈልግልኝ። ራስህ ሄደህ ጠይቅልኝ።»

ማታ ተረኛው ሲቀይረው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአሲያ ሱቅ ሄደ። ወንድሟ የህያ ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ገንዳ ላይ ይሠራል። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች በሩ ላይ ለስላሳ ይጠጣሉ።

«አሲያ፣ የህያ ዋና ያስተምራል አይደል?»

«ያስተምራል። ለማን ፈለጉት?»

«ለሊቤ።»

አሲያ ሳቀች፤ ሾፌሮቹም ተከተሏት። «ወላሂ ዛሬስ ቀልድ አምሮዎታል፣ ኦቦ ጋሮማ! እርስዎ እያሉ የህያ? ሰው ምን ይላል?»

ጋሮማ የባንኮኒውን ጠርዝ በተላጡ እጆቹ ጨበጠ። 

«እኔ አልችልም» አለ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ችዬም አላውቅም። ስልኩን ስጪኝ፣ አሲያ፤ ፈተናው ሊደርስ ሰባት ቀን ነው የቀረው።»