የአጎቴ መርዶና የእናቴ ስልክ

እናቴ ፀሐይወርቅ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ ስትወጣ ያስፈራኝ ደም ግፊቷ ሳይሆን ዝምታዋ ነበር። ከዝምታዋ ያወጣት ደግሞ ሐኪም አይደለም፤ ሞጣ ያለው ታላቅ ወንድሟ ገድሉ በቴሌግራም የሚልክላት ድምፅ ነው። ሁለቱም ሰባን አልፈዋል፣ መጻፍ ላይ ሰነፎች ናቸው፤ በድምፅ ግን ማን ይቻላቸው! በየጧቱ ይሰዳደባሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይስቃሉ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሐይቅ ዳር ባለው መሥሪያ ቤቴ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ደወለ። አጎቴ ድንገት አርፏል። «በአባባ ስልክ ለሁሉም ጽፌያለሁ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለሁሉም? ለእህቱም? መርዶ እኮ እንዲህ አይነገርም! ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ገብቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው።

በባጃጅ በረርኩ። እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ከፊቷ ምንም አላነበብኩም። «ካርድ ልሙላልሽ» ብዬ ስልኳን ይዤ ጓዳ ገባሁ። በአጎቴ ስም «አባታችን አርፏል» የሚል ጽሑፍ ገብቷል። ከበላዩ ያለውን እንኳ ሳላይ፣ የተላላኩትን ሁሉ ከሁለቱም ስልክ ጠርጌ አጠፋሁት። ስልኩንም ደበቅኩት።

ቀኑ አልመሽ አለኝ።

«ስልኬን አምጪልኝ።»

«ተበላሽቷል እማ፣ እየተሠራ ነው።»

ቆይታ ደግሞ፣ «ለአንዳፍታ፣ ልጄ።»

ተቆጣኋት። ለራሷ ብዬ ነው እያልኩ፣ እንደ ሕፃን ተቆጣኋት። እራቷን ሳትቀምስ ተኛች።

ሊነጋጋ ሲል የነፍስ አባቷ አባ ሕዝቅኤል ከሁለት ዘመዶች ጋር ገቡ። እናቴ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች።

«ይግቡ አባ። የጋሼ ገድሉን ሞት ትናንት አይቻለሁ» አለቻቸው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እንዳልሰማ ስትለፊ አየሁሻ፤ አሳዘንሽኝ።» እጇን ዘረጋችልኝ። «አሁን ስልኬን ስጪኝ። ትናንት ጧት የላከልኝን ድምፅ አልሰማሁትም። ልከፍተው ስል ጽሑፉ ደረሰ፣ ወዲያው አንቺ መጣሽ።»

ሰጠኋት። ጣቷን ወደ ላይ ወደ ታች ስታመላልስ ቆየች።

«የት ሄደ?»

«አጠፋሁት፣ እማ።»

እናቴ እሪ ያለችው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ለወንድሟ ያለቀሰች መስሏቸው ክንዷን ደገፉ፤ እኔን አላስጠጋችኝም።