በለቅሶ ላይ የተነሳ ፎቶ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል በጽሑፍ እንዲቀርልኝ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እዚህ ቶሮንቶ፣ አንድ ትልቅ ጋዜጣ የልጅ ልጄ በእናቱ ሰልስት ቀን የተነሳውን ፎቶ የወሮበላ ፎቶ አድርጎ አወጣው። ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ ይህን ግን አልረሳሁም፣ እንድረሳውም አልፈልግም።

ልጄ ትርሲት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ታማ ሞተች። ከአገር ቤት ያስመጣችኝ እሷ ነበረች። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርትመንት ውስጥ እኔና ልጇ ያሬድ ብቻችንን ቀረን። ያሬድ ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነው፤ ቁመቱ ተመዝዞ በበር ሲገባ ራሱን ዝቅ ማድረግ ጀምሮ ነበር።

በደንባችን መሠረት እኔም ጸጉሬን ተላጨሁ፣ እሱም ተላጨ። ጥቁር ለበስን። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር ድዌይን የሚባል የጃማይካ ልጅ አለ፣ የያሬድ ጓደኛ። ለምን እንደተላጨ ጠየቀው። ያሬድ ሲነግረው ወጣና እሱም ተላጭቶ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ያዘዘው ሰው አልነበረም። አቅፌው አለቀስኩ።

ለቀስተኛው በዛ። የሕንጻው ኃላፊዎች ኮሪደር ላይ ሰው መቆም የለበትም ስላሉ፣ ወንዶቹ ወንበር አውርደው ከሕንጻው ጀርባ፣ ፓርኪንጉ አጠገብ ተቀመጡ። በሰልስቱ ቀን ያሬድ እህል መቅመሱን ላይ ብዬ ወረድኩ። አንድ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ወንበር ተሰጥቶት ሳህን ይዞ ይበላል። ማንነቱን የጠየቀው የለም። ለቅሶ የመጣ ሰው ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም።

እኔ ደግሞ ካሜራውን ሳይ ማኅበራችን የቀጠረው መሰለኝ። ያን ጊዜ አገር ቤት ላሉ ዘመዶች የለቅሶ ፎቶና ቪዲዮ እንልክ ነበር። መቅበር ላልቻለ ዘመድ ቢያንስ ዓይኑ ይየው ብለን ነው።

ፈረንጁ ያሬድንና ድዌይንን ግድግዳው ጋ አቆማቸው። የያሬድ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ቀና በል ልጄ፣ አክስቶችህ ያዩታል" አልኩት።

ጥርሱን ነክሶ እንባውን ዋጠ። ፈረንጁ አነሳቸው። ሊሄድ ሲል እጄን ጨብጦ "ሶሪ" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት።

ከአርባው በፊት ጎረቤቴ ጋዜጣውን አምጥታ ሰጠችኝ። እንግሊዝኛ ባላነብም የያሬድን ፊት አላጣውም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የትርሲትን ሞት የጻፉላት መሰለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ሳባ እዚሁ ያደገች ናት፤ እሷን ጠራኋት።

"ሳባዬ፣ የትርሲት ስም የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ።"

"እማማ፣ ስሟ የለም።"

"እንዴት አይኖርም? ለቅሶዋ አይደለም እንዴ?"

"ስለ ለቅሶ አይደለም የጻፉት።" ጋዜጣውን ልታጥፈው ሞከረች። "ስለ ጋንግ ነው።"

"ጋንግ ምንድነው?"

"ወሮበላ በሉት። ሽጉጥ የሚይዙ፣ ሰው የሚዘርፉ። ሰፈሩን ያስፈሩ ወጣቶች ይላል፣ ከፎቶው ሥር።"

ደግማ እንድታነብልኝ አደረግኋት። ያው ነው። የተላጨ ራስ፣ ጥቁር ልብስ፣ የማይስቅ ፊት። ሐዘን ብለን ያደረግነውን ሁሉ ወንጀል ብለው አነበቡት።

የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ በሰማ ጊዜ ቤቴ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ሐሰት አልናገርም።

"እትዬ በላይነሽ፣ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን" አለኝ። "እኛ ሰላማዊ ኢትዮጵያውያን ነን፣ እንደነዚያ ጃማይካኖች አይደለንም ብለን በማኅተም እንልካለን።"

"ድዌይን ጸጉሩን የተላጨው ለማን ነው?"

"እሱማ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ነገሩን..."

"አንተስ ለልጄ ተላጭተሃል?"

አቶ ግርማ መላጣ ነው። እጁ ሳያስበው ራሱ ላይ ወጣ። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሴቶች በዚያ ሐዘን መሀል ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

"ፈረንጁ ፎቶ ሲያነሳ ሐበሻ የቱ፣ ጃማይካ የቱ ብሎ አልለየም" አልኩት። "የኔን አውጥቼ የሰው ልጅ እዚያ ውስጥ አልተውም። ሁለቱንም ካልጻፍክ አትጻፍ።"

ማኅበሩ አልጻፈም። ከዚያ በኋላ አቶ ግርማ በሩቁ ሰላም ይለኝ ጀመር።

እኔና ሳባ በባስና በሰብዌይ ባቡር ወደ ከተማው መሀል፣ ጋዜጣው ቢሮ ሄድን። የጠየቅሁት አንድ መስመር ነው። እነዚህ ልጆች ለቅሶ ላይ ነበሩ፣ አንደኛው እናቱ ሞታበት ነው፣ ብላችሁ ጻፉ። የትርሲትን ፎቶ ይዤ ነበር። መግቢያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ ስልክ ቁጥር ተቀበለችና እንደውላለን አለች። አልደወሉም። በመጸው ተመልሰን ሄድን። ያቺው ልጅ፣ ያው ፈገግታ። ይህኔ ሻሼን ከራሴ ላይ አወረድኩት። እስከ ሙት ዓመቷ እላጭ ስለነበር ጸጉር የለኝም።

"ጠይቂልኝ ሳባ" አልኩ። "እኔም ጋንግ ነኝ?"

ልጅቱ ደነገጠች። ሳባን ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"ምን አለች?"

"ካንሰር አለባቸው ወይ አለች።"

የኔን ራስ ሲያዩ በሽታ ታያቸው፣ የያሬድን ሲያዩ ሽጉጥ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ዘበኛው መጣ። እሱም ጥቁር ነው፣ በዕድሜ የገፋ። ከእጄ የወደቀውን ሻሼን ከመሬት አነሳልኝ። "ማዳም፣ ፕሊስ" ብሎ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ። ዓይኔን ግን አላየም።

በዚህ መሀል ያሬድን እያጣሁት ነበር። ፎቶውን ቆርጠው ትምህርት ቤት የመጽሐፍ ሳጥኑ ላይ ለጥፈውበት ነበር። ሱቅ ሲገባ ይከተሉታል። የድዌይን እናት ልጇን ወደ ስካርቦሮ፣ አጎቱ ዘንድ ላከችው። ያሬድ ብቻውን ቀረ። ድሮ ሰላም የማይሉት ልጆች ግን አሁን መንገድ ይለቁለት ጀመር። ያንን በፎቶው ላይ ያለውን ፊት ይዞ መውጣት ለመደ።

አርባው ካለፈ በኋላ "አሁን አንተ ጸጉርህን አሳድገው ልጄ፣ ሐዘኑ ይበቃሃል" አልኩት።

"ለሐዘን አይደለም" አለኝ።

"ለምንድነው ታዲያ?"

"ያው እኔ እንደዚህ ነኝ። ሁሉም አይቶኛል።"

ስለ ጋዜጣው ሳነሳበት "ሊቭ ኢት እማማ፣ ተዪው፣ ምንም አይሆንም" እያለ ክፍሉን ይዘጋል። ከእናቱ ጋር የተነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ አልጋዬ ሥር ነበሩ። አንዱንም አምጪ ብሎ አያውቅም።

ዛሬ ያሬድ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። በዓመት አንዴ ይደውላል። ይላጫል አሉ እስካሁን። ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ያንን ፎቶ በማግስቱ ረስተውታል፤ እኔ ቤት ውስጥ ግን ልጄን ወስዶብኛል። አሁን ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ ንዴቱ አልበረደም፣ ፍትሕ አገኛለሁ የሚለው ግን ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ ዝም ብዬ አልሞትም ብዬ ነው የጻፍኩት።

የጋዜጣው መልስ የመጣው በዚያው ዓመት በረዶ ከጣለ በኋላ ነበር። አንዲት ሴት ከጋዜጣው ደወለች። ሳባ ስልኩን ይዛ፣ እየሰማች ትነግረኝ ነበር።

"ስለ ሐዘንዎ በጣም እናዝናለን አለች።"

"እሺ። ይጽፉልኛል ወይ በያት።"

ሳባ ጠየቀች። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ በጥሩ፣ በተረጋጋ ድምፅ። ሳባ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነች።

"ከፎቶው ሥር የማንም ስም አልተጻፈም አለች እማማ። ስለዚህ ስለ ያሬድ የተባለ ነገር የለም። የሚታረምም ስህተት የለም።"