የሐሙሱ ሞት፣ የእሁዱ መርዶ

ሥራህ ምንድን ነው ስባል ይጨንቀኛል። ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ አስተምራለሁ፤ በሰው ፊት የተነገረ ወሬ የሰሚዎቹን እውቀት እንዴት እንደሚለውጥ በቀመር እጽፋለሁ። ሁሉም ለየብቻው የሚያውቀው ነገር እንኳ በሁሉም ፊት ካልተነገረ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው አይሆንም። ሲነገር ግን እኔ ማወቄን አንተ ታውቃለህ፣ አንተ ማወቅህንም እኔ። በቃ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ የእናቴ አንድያ ወንድም ጫንጮ ላይ ሞተ። እናቴ ሱሉልታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስልክ ተደውሎ እንደተነገረኝ ልነግራት ስጣደፍ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው የዕድራችን ሰብሳቢ በር ላይ ያዙኝ።

«መርዶ እንዲህ በሩጫ አይነገርም፣ ልጄ። ግፊት አለባት። ዘመድ ይሰብሰብና እሁድ በማለዳ እናረዳታለን።»

«ቀብሩ እኮ ነገ ነው! እርስዎ ቢሆኑ የወንድምዎ ቀብር እንዲያመልጥዎት ይፈልጋሉ?»

«ብትወድቅብህስ? ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

በንዴት ጨስኩ፣ ግን እሺ ብዬ ተመለስኩ። ማታ እናቴ «ምነው ወንድሜ ስልክ አያነሳም?» ስትለኝ «ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ውሸቴ የያዘልኝ መስሎኝ ነበር፣ ጅሉ!

አርብ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ቤተ ክርስቲያን ልትሄጂ ነው?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ይሁንልህ» አለች።

ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። የዚያን ቀን አዲስ አበባ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ በይፋ የተነገረ ነገር ከተደበቀው በምን እንደሚለይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ጉድ እኮ ነው! ቤቴ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተኝ ሰውዬ።

እሁድ ሲነጋ ቤታችን በዘመድ ሞላ። ኦቦ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገና «እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ሆኖ» ከማለታቸው እናቴ ጮኸች። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። አልወደቀችም።

ለቅሶው ረገብ ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሐሙስ ነው የሰማሁት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወፍጮ ቤት አንዷ ሴትዮ ‹እግዜር ያጥናሽ› አለችኝ። የተረዳሁ መስሏት ነው።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ዝም ይባላል?»

«ሳታረዱኝ ምን ብዬ ልጩህ? በገዛ አፌ ወንድሜን ሞተ ልበል?» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አርብ ጫማዬን አድርጌ የጠበቅኩት አንተን ነበር። ትነግረኛለህ ብዬ።»